አባባ መያዣ የተቀመጡበት ቀን

ባለፈው ሐሙስ ደብረ ብርሃን፣ ከአንድ የሞተር ሳይክል መሸጫ አጠገብ ካለ ጫማ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ጫማዬ በሰፊው ጭን ላይ፣ አንዱ በእግሬ ስለነበር ወዴትም መሄድ አልችልም፤ በዚህ ምክንያት የሆነውን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው አየሁት። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ መጣችና አንዱን ሞተር ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ጎማውን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ከዚያ ሳልነዳው አልገዛም አለች። ባለሱቁ አልተከራከረም። መታወቂያዋን ተቀብሎ በደረት ኪሱ ከተተና ቁልፉን ሰጣት፤ እሷም ሻርፗን አንገቷ ላይ ቋጥራ ሄደች። የቀረው ጭሱ ነው። በረንዳው ሥር አንድ ገበሬ ዝናብ የነካው ገለባ ከአህያ አራግፎ ነበርና፣ የቤንዚኑ ጭስና የእርጥብ ገለባው ሽታ ተደባልቀው ሲመጡብኝ ባለሱቁም፣ ሰፊውም፣ አስፋልቱም ከፊቴ ራቁ። ልጅቱ ቆየት ብላ ተመለሰች፤ መታወቂያዋን ተቀብላ፣ አስቤበት እመጣለሁ ብላ ሄደች። ሰፊው ጫማዬን ሲያቀብለኝ እኔ ገና መንዝ፣ ከዘመሮ በላይ፣ የገለባ ክምር ውስጥ ነበርኩ።

ዓመተ ምሕረቱን ልጽፍ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ ተውኩት። ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ የሰው ስምና ቀን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እርግጠኛ ባልሆንኩበት ቀን አልምልም። ደርግ ወድቆ አዲሶቹ ከገቡ በኋላ፣ የቀበሌው ማኅተም ተቀይሮ ሰዉ ግን ገና በአሮጌው ስሙ ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል። ዋጋዎቹን ግን አልስትም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሰባ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ ሃያ አምስት፣ ኮንጎ ጫማ ስድስት ብር፤ ለሚያውቁት ሰው አምስት ከሃምሳ። ዘመሮ ያኔ አንድ ረጅም መንገድና ከእሱ የሚያፈነግጡ ጥቂት ጭቃማ መተላለፊያዎች ነበረች። በላይኛው ጫፍ የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ አለ፤ አራት የእግር መኪና ተደርድሮ፣ መካከላቸው አንድ ቴፕ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ባትሪው ሲደክም የዘፋኟ ድምፅ እየከበደ፣ እየከበደ ይሄድና የወንድ ድምፅ ይሆናል፤ ገበያተኛው ይስቃል፣ ሰፊዎቹ ባትሪውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሽማግሌዎቹ በርኖስ ደርበው፣ ሴቶቹ ባናቸውን ተከናንበው፣ ወጣቶቹ ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዙትን፣ ጀርባው ላይ ማንም የማያነበው ነገር የተጻፈበትን ጃኬት ለብሰው ያልፋሉ። ዛሬ ያን በረንዳ የስልክ ዕቃ መሸጫ ወርሶታል ይሉኛል። ሄጄ አላየሁትም። ማየትም አልፈልግ።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ግሼ፣ ራቤል አጠገብ ተድሬ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖሬ፣ በእግሬ ተመልሼ መጥቻለሁ። ያን እዚህ አልተርከውም። አባባ ደጃፉ ላይ አዩኝ፤ ለምን መጣሽ አላሉኝም፤ ውሃ ቀድተው እግሬን በእጃቸው አጠቡኝ። በበነጋው ትምህርት ቤት ልግባ ስላቸው ግቢ አሉኝ። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ስቀመጥ ጉልበቴ ዴስኩን ወደ ላይ ያነሳው ስለነበር መምህሩ ከኋላ፣ በግድግዳው ጥግ ለብቻዬ አስቀመጠኝ፤ ያ ጥግ እስከ ስምንተኛ ክፍል የእኔ ሆኖ ቀረ። ሚኒስትሪ ያለፍኩ ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት ስምንት ላይ ያበቃል። ዘጠነኛ ክፍል ዘመሮ ነው፤ ዘመሮ ደግሞ ከቤታችን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር፣ ለዚያውም ላልጫነ ሰው።

እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነበር። የአባባን ዓይን ሞራ እየጋረደው መጥቶ፣ ሰውን በድምፁ፣ በቅሎን በዳሰሳ የሚያውቁበት ደረጃ ደርሰው ነበር። በቅሎ በማወቅ ስማቸው እስከ ቀየት ድረስ ይጠራል፤ ሰው በቅሎ ሲገዛ ጋሽ ደምሴን ሳያማክር አይከፍልም ይባል ነበር። ያን ጊዜ የቀረቻቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ናት፤ ዳሚት እንላታለን። እሳቸውን ጥዬ ዘመሮ ቤት ተከራይቼ ልማር የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣም፤ ከእሳቸውም አፍ ሂጂ የሚል አልወጣም። በዳሚት በየቀኑ እንዳልመላለስ፣ ያን ድንጋይ ለድንጋይ ጠዋት ማታ የተመላለሰች በቅሎ ለገና አትደርስም፤ ቀን ሙሉስ የት አስሬያት? ሁለታችንም ዝም ብለን ክረምቱን ገፋነው። መስከረም ጠብቶ፣ መስቀል አልፎ፣ የምዝገባው ሳምንት መጣ።

ያ ዓመት አዲሱ የጠጠር መንገድ ከመንደራችን ራስጌ ያለፈበት ዓመት ነው። ሠራተኞቹ ጨርሰው ካምፑን እያፈረሱ ነበር። ከእነሱ አንዱ ግሬደር የሚነዳ ተሾመ የሚባል የናዝሬት ሰው ነው፤ ሳቂታ፣ ብርዱን የሚሳደብ፣ ሁለት ሹራብ ደርቦም የሚንቀጠቀጥ። እሱ ዘንድ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሲሄድ የሸጠለት ሞተር ሳይክል ነበር። ሌሎቹ ሞተሮች እንደ ፌንጣ ከፍ ብለው ሲቆሙ፣ ያ ግን ዝቅ ብሎ የተዘረጋ፣ የወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ፣ ኮርቻው እንደ ወንበር የሚያስደግፍ፣ እግር ወደ ፊት የሚዘረጋበት ነው። መሪው ሰፊ ሆኖ ወደ ነጂው ደረት ተቆልምሟል። ዛሬ እንዲህ ያለው ክሩዘር እንደሚባል አንብቤ አውቄያለሁ፤ ያኔ ለሁላችንም ረጅሙ ሞተር ነበር። ተሾመ ቀጣዩ ሥራው ሩቅ ስለሆነ ሊሸጠው ፈለገ፤ ሦስት ሺህ ብር አለ። ዳሚትና ስድስት በግ ማለት ነው። ዘመሮን በግማሽ ሰዓት እገባለሁ አልኩ በልቤ፤ ተምሬ ከሰዓት በኋላ ቤቴ እደርሳለሁ፤ አባባም ያለ እራት አያድሩም። ሁለት ሌሊት ካብሰለሰልኩት በኋላ ነገርኳቸው። “አምጪውና ልየው” አሉ። በቅሎዋን መሸጥ የሚለውን እንዳልሰማ ሰው አለፉት።

ተሾመ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን ሜዳ አስተማረኝ። ማርሹን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑን አሳየኝ፤ እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ እጁን በእጄ ላይ ስለሚያደርግ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ከዚያ ሞተሩን አባባ ዘንድ አመጣነው። ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ እንዝርቷን እንደያዘች መጥታ ከፊት ቆመች። አባባ በርኖሳቸውን ወደ ትከሻቸው ገፋ አድርገው ሞተሩን ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሱት፤ ከኋላው ግን ለርግጫ በማይደርስ ርቀት ዞሩ። ጎማው ላይ ጥርሱን በጣታቸው ቆጠሩ። ዕድሜዋ ስንት ነው ብለው ጠየቁ፤ ተሾመ ስምንት ዓመት ይሆነዋል አለ። ከአንተ በፊት ማን ዘንድ ነበረች አሉ።

“ፈረንጅ ዘንድ ነበር፣ አባቴ።”

“ፈረንጁ ምን አይቶባት ሸጣት?”

“ምንም አላየበትም። አገሩ ገባ።”

“አገሩ የሚገባ ሰው በእግሩ ነው እንዴ የሚገባ?”

ሰዉ ሳቀ፤ ተሾመም ሳቀ። አባባ አልሳቁም፤ ጃንጥላቸውን አስመጥተው መብራቱ ፊት ለፊት በድንገት ዘረጉት። ሴት የምትቀመጥባት በቅሎ በጃንጥላ የምትደነብር ከሆነች ነፍስ ታጠፋለች፤ ይህን ሳይፈትኑ አይገዙም። ሞተሩ ዝም አለ። “ይህችስ ጨዋ ናት” ብለው ጃንጥላውን አጠፉ።

ቀጥሎ ያለው ግልቢያው ነው። በእኛ አገር በቅሎ ሳይጋለብ አይገዛም፤ ጋላቢው ሲወጣ ደግሞ መያዣ ይቀመጣል። መያዣው ሰው ነው፤ ከገዢው ወገን አንዱ ከሻጩ ጋር ይቆያል፤ በቅሎዋ እስክትመለስ ከተቀመጠበት አይነሳም፤ እህል ውሃም አይቀምስም። ተሾመ ይህን ሲሰማ፣ ኧረ እኔ አምኛችኋለሁ፣ ምን መያዣ ያስፈልጋል አለ። አባባ ቅር አላቸው። ያለ መያዣ የታመነ ሰው ነገ ይታማል ብለው ከደጃፋችን ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሌላ ሥርዓትም ነገሩት፤ ባለቤቷ አጠገቧ ካለ በቅሎ ጠባይዋን ትደብቃለች፤ ስለዚህ ልጄ ብቻዋን ትሂድ፣ አዲሱ ድልድይ ድረስ ደርሳ ትመለስ አሉ። ተሾመ ከንፈሩን ነክሶ ቁልፉን ሰጠኝ። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዛሁትን ሰማያዊ ቱታ በቀሚሴ ሥር ለብሼ፣ ነጠላዬን በወገቤ አሸርጬ ወጣሁበት።

እስከ መንደሩ መታጠፊያ ደህና ሄድኩ። እዚያ የእትዬ ስንዱ በጎች መንገዱን ሞልተው ጠበቁኝ። እንግዲህ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በቅሎ ላይ ያደግኩ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ኋላ ተደግፌ፣ እግሬን አንፈራጥጬ፣ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩና ሳብኩ። መሪው ራሱ ወደ ደረቴ የተቆለመመ ነው፤ ልጓም ይመስላል። “ቁሚ!” አልኩት ደግሞ። የሞተር ጋዝ ያለው በእጀታው ነውና፣ ጨብጠው ወደ ራስ ሲስቡት ይከፈታል፤ ሞተሩ ጮኾ ወደ ፊት ዘለለ። ይበልጥ ሲሮጥ ይበልጥ ሳብኩት፤ ይበልጥ ስስበው ይበልጥ ሮጠ። በጎቹ ከሁለት ተከፈሉ፤ መንገዱ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የበልግ ገብስ ገለባ ክምር ነው። የማስታውሰው ጨለማው፣ ሙቀቱ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚለው የእርጥብ ገለባ ሽታና ሞተሩ ከሥሬ ሲያንኮራፋ ቆይቶ ዝም ማለቱን ነው።

ሰዉ ሮጦ መጣ። ተሾመ መጀመሪያ ሞተሩን፣ ቀጥሎ እኔን ጎተተ። እትዬ ስንዱ ጭንቅላቴ ላይ ያለውን ገለባ እየለቀመች፣ ዘንድሮ ክምር ተማሪ አፈራ ብላ ሰዉን በሳቅ አፈረሰችው። እኔ ግን ወደ ደጃፋችን አየሁ። አባባ ከድንጋዩ አልተነሱም። መያዣ ናቸውና መነሳት አይችሉም፤ ሁለት እጃቸው በምርኩዛቸው ላይ ነጥቶ፣ አንገታቸውን ወደ እኛ አስግገው ነበር።

“እልፌ! አጥንትሽ?”

“ደህና ነኝ፣ አባባ።”

አጠገባቸው ሄጄ ስቆም እጄን ዳሰሱ። ምን አድርገሽ ነበር አሉኝ፤ ሳብኩት አልኳቸው። ስትስቢው ምን ሆነ አሉ፤ በረረ አልኩ። ተሾመ ጋዙ እጀታው ላይ መሆኑን ሊያስረዳቸው ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኝተው፣ “እንግዲያስ የበቅሎ ግልባጭ ናት” አሉ። “ብትይዣት ትበርራለች፤ ብትለቂያት ትቆማለች። እጅሽን አሳርፊና እንደገና ሂጂ።”

ተሾመ በሁለት ቀን ያላስገባልኝን እሳቸው በአንድ ቃል አስገቡልኝ። እንደገና ወጣሁ፤ እጄን አሳረፍኩ። የሚቀጥለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ያን ከሰዓት የሚመስል ግን አላገኘሁበትም። በበቅሎ ስንሄድ አገሩ በእርምጃ ይቆጠራል፤ ይህች ጉብታ፣ ያቺ ዋርካ የለሽ ሜዳ፣ ያ የአያቴ እርሻ እየተባለ። በዚያ ሞተር ላይ ግን አገሩ ሳይቆጠር ፈሰሰ። ገብሱ በግራ ቀኝ ይተኛል፤ ደመናው ከቆላው ገደል ወጥቶ መንገዱ ላይ ይጋደማል፤ ስገባበት ፊቴ ይርሳል፤ ስወጣ ፀሐይ ያደርቀኛል። ኮርቻው ወገቤን ደግፎ፣ እግሬ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ተቀምጬ እንደማነብ ነበር የምሄደው። አንድ ቄስ ከመንገድ ወጥተው ጃንጥላቸውን እንደያዙ ቆሙ፤ እጅ ልነሳ እጄን ማንሳት ስላልቻልኩ አንገቴን ብቻ ሰበርኩ። በመስተዋቱ ሳያቸው መንገዱ መካከል ወጥተው እስክሰወር ያዩኛል። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ቆሞ ሲያየኝ አያውቅም ነበር፤ ወይም የሚያየኝን ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም።

ድልድዩ ደረሰ። ሲሚንቶው ገና ነጭ ነው። እዚያ መመለስ ነበረብኝ። እጄን ባሳርፍ ይቆም ነበር። አላሳረፍኩም።

ዘመሮ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው የቆምኩት። ካጠፋሁት አይነሳልኝ ይሆናል ብዬ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ በአንድ እግሬ መሬት ረግጬ፣ በባሕር ዛፉ አጥር ላይ አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ልጆቹ ወጥተዋል። በአንደኛው ክፍል መስኮት ሰሌዳ ይታያል፤ በኖራ የተሣለ ክብ፣ ክቡን ለሁለት የሚቆርጥ መሥመር፣ በመሥመሩ ጫፍና ጫፍ ሁለት የፈረንጅ ፊደል። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። አለማወቄ አበሸቀኝ፤ እንደ ጥማት ያለ ነገር ነው። ከላይ ከሰፊዎቹ በረንዳ ዘፈኑ ይመጣል፤ ባትሪው ደክሞ ሴትዮዋ ወንድ ልትሆን ተቃርባለች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ድንጋዩ ላይ እህል ውሃ ሳይቀምሱ የተቀመጡት ትዝ አሉኝና ሞተሩን አዞርኩት።

ስመለስ ጥላው ረዝሞ ነበር። ሰዉ ተበትኗል። ተሾመ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይንጎራደዳል። ሳየው ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ሳቀ። “አባትሽ ሰው ገደሉ” አለኝ። “ጠፋች እኮ ስላቸው፣ አልጠፋችም፣ ገና እየሄደች ነው ይሉኛል። ምኑን አይተው እንደሆነ እንጃ።” አባባ ተነስተው ጉልበታቸውን አሻሹ፤ ከቆርቆሮው ውሃ አስቀድተው እስኪበቃቸው ጠጡና የመጨረሻውን ፈተና ተናገሩ፤ ሞተሯ ደጃችን ትደር፤ በቅሎ በውርጭ ተነስታ ካልሄደች በቅሎ አይደለችም።

ያ ዓመት የጥቅምት ውርጭ ቀድሞ የመጣበት ነው። ማለዳ ስወጣ መሬቱ እንደ ጨው ነጥቷል፤ የሞተሩ ኮርቻ ላይ ውርጩ በጣት የሚጻፍበት ሆኗል። ዳሚት ከጋጣዋ አፏ እየጨሰ ታየኛለች። ተሾመ ከካምፑ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ። ማስነሻውን በእግሩ መታው፤ መታው፤ አልተነሳም። ካንዴላውን ፈትቶ በትንፋሹ አሞቀው። እኔ መታሁት። ሁለት የመንደር ሰዎች ገፉት። ደብተሬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር የወጣሁት፤ ያን ዕለት ልመዘገብ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ትምህርት የሚጀመርበት ሁለት ሰዓት አለፈ። ተሾመ በመጨረሻ ፀሐይ ትውጣለት አለ፤ የቆላ ነገር ነው፣ ሲሞቀው ይነሳል። እውነቱን ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ደጃችን ስትደርስ በመጀመሪያው ምት ተነሳ። “ይኸው!” አለ፤ ግን ማንንም አላየም። አባባ ሞተሩን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረጉት። “ጎበዝ ናት” አሉ፤ “አገሯ አይደለም እንጂ።”

አልገዛም ያልኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር ማንም እንዲለው አልፈለግኩም። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ውርጩ ከክዳኑ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ይላል። አባባ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየተከተሉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

“እልፌ፣ ትናንት ድልድዩን ስታልፊ ሰማሁሽ።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ትምህርት ቤቱን ላየው ብዬ ነው።”

“ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ሆኜ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ምነው ባትመለስ አልኩ።” ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። “መያዣ የሚቀመጥ ሰው ለአንድ ከሰዓት ነው የሚቀመጥ። እኔ እናትሽ ከሞተች ጀምሮ ተቀምጫለሁ። በሄድሽበት ሁሉ ለእኔ ስትይ ትመለሻለሽ። ካሁን ወዲያ ተነስቻለሁ፤ ስሚ፣ ተነስቻለሁ።”

ማን ያበስልልዎታል፣ ማን እሳት ያነድልዎታል ልል አፌን ስከፍት ቀድመውኝ ወደ ደጁ ተመለሱ። ያን ቀን ወደ ራቤል የሚሄዱ ነጋዴዎችን መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙ። ራቤል እህታቸው አለች፤ አክስቴ ብርቄ፣ ባሏ የሞተባት። እዚያ ልዳር ስል እሷ ልጅቱን አትስጥ፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ ብላቸው፣ አልሰማም ብለዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት። ለነጋዴዎቹ የሰጧቸውን መልእክት በጆሮዬ ሰማሁ። “ብርቄን አግኝታችሁ፣ ‘ልክ ነበርሽ፣ ነዪ ብሎሻል’ በሏት። ሌላ አትጨምሩ።” አክስቴ በአራተኛው ቀን ምጣዷንና አንዲት ነጭ ዶሮ ይዛ መጣች። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ማታውን ስለ ሹሮ ሲነታረኩ ብቻ ሰማሁ።

ተሾመ ሞተሩን በጭነት መኪና ጭኖ ሄደ። የወይን ጠጁ ቀለም ከሸራው ሥር ሲታይ፣ ሲሰወር፣ ከመታጠፊያው ላይ ቆሜ አየሁት። አላለቀስኩም። ዓርብ ልመዘገብ በእግሬ ሄድኩ፤ የመዝገቡ ሰውዬ ዕድሜዬን ሲጽፍ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ጻፈ። ቤት ኪራይ በወር ስምንት ብር፣ ከአንዲት ጠጅ ጣይ ጓሮ፤ መስኮት የለውም፤ በሩ ግን ወደ ምሥራቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሰኞ አባባ ዳሚትን ራሳቸው ጫኗት። የሳምንት ስንቄን፣ በሶውንና ድርቆሹን ከኮርቻው ኋላ አሰሩ። ስትደርሺ ልጓሙን ኮርቻው ላይ ቋጥሪና ፊቷን ወደ ቤት አዙረሽ ልቀቂያት አሉኝ፤ መንገዷን ታውቀዋለች። እንዳሉኝ አደረግኩ። ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር ስንቄን አውርጄ፣ ልጓሙን ቋጥሬ ለቀቅኳት። ጥቂት ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ጆሮዋን ወደ ፊት ጥላ፣ የሰፊዎቹን በረንዳ አልፋ፣ ሳትቸኩል ሄደች። ደወሉ ሲደወል ጅራቷ ከመታጠፊያው ሲሰወር አየሁ።

ቤት የሆነውን የነገረችኝ አክስቴ ብርቄ ናት። እትዬ ስንዱ በጎቿን ስታወጣ ዳሚት ባዶ ኮርቻ ይዛ ብቻዋን ስትመጣ አየች። በመንዝ በቅሎ ባዶ ኮርቻ ይዛ ስትመለስ ትርጉሙ አንድ ነው። እትዬ ስንዱ እንዝርቷን ጥላ ጮኸች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መታች፤ መንደሩ ወየው እያለ በየአቅጣጫው ወጣ፤ እልፍነሽን ገደል በላት፣ ወንዝ በላት እየተባለ ደጃችን ሞላ። አባባ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ኮቴውን ከሩቅ ሲሰሙ ቆይተው ነበር። ተነሱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ዳሚትን አንገቷን፣ ቀጥሎም ኮርቻውን ዳሰሱ፤ ልጓሙ ላይ የቋጠርኩትን ቋጠሮ አገኙት፤ በጣታቸው ዞሩት፤ እሳቸው እንዳስተማሩኝ፣ ሳይላላ የታሰረ ነው። እትዬ ስንዱ ክንዳቸውን ይዛ፣ ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ምን ዋጠብህ እያለች ትንሰቀሰቃለች።

አባባ ቋጠሮውን ፈቱት።

“ደርሳለች” አሏት።